ሳይቆጥሩ መራመድ

ካሰብኳቸው ክፉ ነገሮች መካከል የባለቤቴን አባት በዓይን ሆስፒታል ደረጃ ላይ ማግኘት አልነበረበትም። እኔ ደግሞ የማላስበው ክፉ ነገር የለም። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ይበላሻል፣ ልጄ ስትመረመር ትወድቃለች፣ ሐኪሟ ዛሬ የለችም ይሉናል፤ ይህን ሁሉ ጠዋት ፀጉሯን ሳበጥር አስቤ ጨርሼ ነበር። እኛ ደረጃውን ስንወርድ፣ እሳቸው በሁለት እጃቸው ትልቅ የጨርቅ ጥቅል አቅፈው ሲወጡ መካከል ላይ ተገጣጠምን።

ልብስ ሰፊ ናቸው። ሆስፒታሉ ለሕሙማኑ የሚያለብሰውን ጋውን ለዓመታት የሰፉት እሳቸው ናቸው። የሚያስረክቡት ግን ማክሰኞ ማክሰኞ ስለሆነ እኔ ሆን ብዬ ሐሙስን መርጬ ነበር። ከእሳቸው ተደብቀን ነው የመጣነው፤ በዚያ ሳምንት ግን ማስረከቢያቸው ሐሙስ ሆኖ ነበር።

አላዩንም። ጥቅሉ ክንዴን ነካኝ፤ «ይቅርታ እመቤቴ» ብለው ቀጠሉ። ዝም ብንል ኖሮ ያልፉን ነበር። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ግን በምላሷ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አደረገች። ሰውዬው ባሉበት ቆሙ።

«ሚጡ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ከማን ጋር ነሽ?»

«ከእማ ጋር።»

«እናትሽ አፍ የላትም?»

«አለኝ አባባ» አልኩ። «ደህና ዋሉ?»

«ደህናስ አልዋልኩም። ይህን አስረክቤ እስክመጣ ሱቁ ጋ ጠብቁኝ።»

የዚህን ቤተሰብ ነገር ልንገራችሁ። ሳገባ የሥርዓት ሰዎች ቤት የገባሁ መስሎኝ ነበር። ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም። ራት ፀሐይ ሳትገባ ይበላል። ጎረቤት ሱቆች ሁሉ መብራት አብርተው ሲሸጡ የእሳቸው በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። «ጨዋ ሰው ሲመሽ ቤቱ ነው» ይላሉ፤ ሰዉም ለዚህ ያከብራቸዋል። አንድ ቀን ወለል ላጥብ ብዬ በርጩማ ክንድ ያህል ብገፋው ተደናቅፈው ወደቁ። ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነበርኩ፤ ዕቃ ቦታ አለው ተብዬ።

ልጄ ከተወለደች በኋላ ነገሩ ሥርዓት ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ዳዴ እያለች መብራት ከጠፋ ባለችበት ትደርቅ ነበር። አታለቅስም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሦስት ዓመት ሲሞላት አያቷ መቁጠር አስተማሯት። ለትምህርት የሚያዘጋጇት መስሎኝ ደስ አለኝ። የሚያስቆጥሯት ግን እርምጃ ነበር። ከበር እስከ አልጋ ሰባት፣ ከአልጋ እስከ መታጠቢያ አሥራ አራት። ቀጥሎ የጫማዋን ጫፍ አስቀድማ ወለሉን መዳሰስ፣ ቀጥሎ በምላሷ ቀጭ አድርጋ ከድምፁ አመላለስ ግድግዳ መቅረቡን ማወቅ። በመጨረሻም ቃል አስገቧት፦ ማንም እንዳያውቅብሽ።

ባለቤቴ በደንብ ያያል። ሩቅ አገር መንገድ ሥራ ላይ ነው። ልጅቷን ላስመርምር ነው ብዬ ስደውልለት «አንቺ ያመንሽበትን አድርጊ፣ አባባን ግን እንዳታስቀይሚ» አለኝ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ እስካሁን አልነገረኝም።

ሐኪሟ ልጄን በማሽን መረመረች፤ የእሷን፣ የእኔንና ለእረፍት በመጣ ጊዜ የአባቷን ደም ላከች። በሽታው ከዘር የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። ከዓይን በስተኋላ ብርሃን የሚቀበል ሬቲና የሚባል ስስ ሽፋን አለ፤ እዚያ ያሉት ሕዋሳት አንድ ዘረ-መላቸው ስለተበላሸ ሥራቸውን መሥራት ያቅታቸዋል፣ እያደርም ይሞታሉ። የተበላሸው አንዱ ቅጂ ከአባቷ፣ አንዱ ከእኔ መጣ። ለዓመታት በልቤ «የእነሱ ዘር» እያልኩ ስወቅስ ኖሬ ግማሹ የራሴ ሆኖ አረፈው።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ በሽታዎች አብዛኞቹ ገና መድኃኒት የላቸውም። የልጄ ካላቸው ጥቂቶች አንዱ ነበር። ወጪውን ሆስፒታሉ በፕሮግራሙ ይሸፍናል። የቀረው አንድ ምርመራ ነው፤ ወለሉ ላይ ቀስት ተሠምሮ ሳጥንና ገመድ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ በደብዛዛ ብርሃን መራመድ። በዚያ ሐሙስ የመጣነው ለእሱ ነበር።

ልጄ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ነገር ሳትነካ ወጣች።

ሐኪሟ ወረቀቷን ደጋግማ አየች። «ማሽኔ ይህች ልጅ በዚህ ብርሃን ምንም አታይም ይላል። እግሯ ደግሞ ታያለች ይላል። ሚጡዬ፣ በምን አወቅሽው?»

«በዓይኔ» አለች ልጄ፣ ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ።

ስለ ጫማዋ ጫፍና ስለ ምላሷ እኔ ተናገርኩ። ሐኪሟ አመነችኝ። «ነገር ግን መዝገቡ የሚቀበለው የእናትን ቃል አይደለም፤ የልጅቷን እርምጃ ነው። ምን ያህል እንደማታይ ሳላውቅ ዓይኗን አልነካም፤ በኋላም መሻሉን በምን እለካዋለሁ? የሚቀጥለው ሐሙስ ትድገም። እንደዛሬው ከሄደች ተራው ለሌላ ልጅ ያልፋል» አለች።

እንግዲህ ደረጃው ላይ የተገናኘነው ይህን ሰምተን ስንወርድ ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። የስፌት መኪናው በመስኮቱ ሥር፣ ክሮቹ በተራቸው፣ የልብስ መቅደጃ ካርቶኖቹ በሚስማር ላይ ተሰቅለዋል። በካርቶኖቹ ጠርዝ ላይ ትናንሽ ጥርሶች ተቆርጠዋል፤ አንድ ጥርስ እጅጌ፣ ሁለት ጥርስ አንገት። የሠፈሩ ሰው ይህን የባለሙያ ምልክት አድርጎ ያደንቀዋል። እኔ በጣት የሚነበብ መሆኑን አውቃለሁ።

የባለቤቴ አባት መጥተው ከመኪናቸው ኋላ ተቀመጡ።

«ተናገሪ እንግዲህ። ዓይኗ ታመመ?»

«አባባ፣ ዓይኗ ከተወለደች ጀምሮ የታመመ ነው። እርስዎም ያውቁታል።»

«እኔ የማውቀው መርፌ ላይ ክር እንደምታስገባልኝ ነው።»

«ቀን ነዋ። ሲመሽስ?»

«ሲመሽ ማን ክር ያስገባል? ሲመሽ ሰው ቤቱ ይገባል።»

«ሌላው ሰው ሲመሽ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ገበያ ይወጣል።»

«ዘዋሪ ነዋ።»

ልጄ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ስለ ምርመራው ክፍል ነገርኳቸው። ስለ ሳጥኖቹ ሲሰሙ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«ስንት እርምጃ ነበር?»

«ሃያ ስድስት። መጨረሻ ላይ ገመድ አለ።»

«ገመዱን በምን አወቅሽ?»

«በጫማዬ።»

«ምንም አልነካሽም?»

«ምንም።»

ፊታቸው በራ። «ይህቺን ነው የማውቃት። ሐኪም አሳፈረች በሉኛ።»

«አይኩሩባት አባባ» አልኩ። እንዲህ ተናግሬያቸው አላውቅም። «እርስዎ ያስተማሯት ነገር በሯን ዘጋባት። ያቺን ክፍል ማለፍ ማለት መውደቅ ነው። ታያለች ከተባለች አትታከምም፤ ካልታከመች ደግሞ እይታዋ በየዓመቱ ይጠባል። አሁን የሚታያትም ይሄዳል። የእርስዎ እንዴት እንደሄደ እኔ አልነግርዎትም።»

«የእኔ የት ሄደ? ከፊትሽ ተቀምጬ የለም?»

«የለበስኩት ምን ቀለም ነው?»

እጃቸው ክሮቹን በተራ ዳሰሰ። ለዚህ ድፍረቴ እስካሁን አፍራለሁ፤ አልጸጸትም ግን።

«ሕክምና የምትይው ምንድን ነው?» አሉ።

ይህን አንድ ቀን ይጠይቁኛል ብዬ ቀድሜ አዘጋጅቼው ነበር። «ያ የእጅጌው ካርቶን ቢሳሳት ምን ይሆናል?»

«የእኔ ካርቶን አይሳሳትም።»

«ቢሳሳት ነው ያልኩት።»

«የቀደድኩት እጅጌ ሁሉ ጠማማ ይወጣል።»

«ታዲያ ሰፊውን ያባርራሉ?»

«ሰፊው ምን አደረገ? ትክክለኛ ካርቶን እሰጠዋለሁ።»

«ሕክምናው ይኸው ነው። በሕዋሳቷ ውስጥ ያለው ካርቶን ተሳስቷል። ትክክለኛውን ቅጂ ያስገቡላቸዋል። የተሳሳተው እዚያው ይቆያል፤ ሕዋሱ ግን ከትክክለኛው እየቀደደ መሥራት ይጀምራል።»

«ማነው የሚያስገባው?»

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። «በቀጭን መርፌ፣ ከሬቲናው ሥር። የሚሸከመው... ቫይረስ ነው አባባ።»

«በሽታ ልታስገቢባት ነው የመጣሽው።»

«የሚያሳምመው ነገር ወጥቶለታል። ሕዋስ ውስጥ መግባት ስለሚያውቅበት ተሸካሚ አድርገውት ነው።»

«ተሸካሚ ዕቃ ሲጥል አይተሽ አታውቂም?»

«አይቻለሁ እንጂ። ጨምሪ ካሉኝ ሌላም እጨምራለሁ። ሬቲናው ሊቀደድ ይችላል። የዓይኗ ግፊት ሊጨምር፣ ሊመረቅዝ፣ ሞራ ሊጋርደው ይችላል። ይህ ሁሉ ሆኖ ላይሠራም ይችላል። ቢሠራም እንደ ሌላ ልጅ አያደርጋትም፤ የሞተ ሕዋስ አይነሣም፣ የሚጠቅመው በሕይወት ላለው ነው። ስንት ዓመት እንደሚቆይም ማንም አልማለልኝም። የምሠራው ፎቶ ኮፒ ቤት መሆኑን ያውቃሉ፤ የስምምነቱን ወረቀት ሦስት ቅጂ አንሥቼ አንዱን እዚያው ማሽኑ ላይ፣ አንዱን አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዱን ቤት አነብባለሁ። በዚህ ቤት እንደ እኔ የፈራ ሰው የለም።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቅሽ?»

«ይህን ሁሉ እያወቅሁ። ሕክምናው ምናልባት አለው። ዝም ብሎ መቀመጥ ምናልባት የለውም፤ መጨረሻው የታወቀ ነው።»

«ትደግ። ስታድግ ራሷ ትወስን።»

«እርስዎ ካርቶን የሚለውጡት ጨርቁ ተቃጥሎ ካለቀ በኋላ ነው?»

የባለቤቴ አባት መቀሳቸውን አንሥተው መልሰው አስቀመጡ፤ ትክክል ካነሡበት ቦታ። ከዚያ እኔ በዚያ ቤት በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ያልሰማሁትን ተናገሩ።

«ታላቅ ወንድም ነበረኝ። ከእኔ ይልቅ ጎበዝ። አንድ ቀን አስተማሪው ፊት 'አይታየኝም' አለ። እውነቱን ነው የተናገረው። በማግስቱ ከትምህርት ቤት አስወጡት፤ በር ላይ ወንበር አወጡለት። እዚያ ወንበር ላይ አረጀ። መንገደኛ ሁሉ ከንፈሩን እየመጠጠለት ያልፋል። ሰባት ዓመቴ ነበር። መቁጠር የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው። ሚስት አገባሁ፣ ልጅ አሳደግሁ፣ አንድ ሰው ከንፈር መጦልኝ አያውቅም። አሁን አንቺ መጥተሽ የልጅ ልጄን ሰው ፊት ከሳጥን ጋር አጋጫት ትይኛለሽ። አላደርገውም።»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ።

«ወንድምዎን ወንበር ላይ ያስቀመጠው ዓይኑ አይደለም፤ ሰዎቹ ናቸው። ሚጡ ምንም ባታይ እንኳ ወንበር የሚያወጣላት ሰው ቀድሞ ከእኔ ጋር ይተያያል። እውነት የተናገረ ልጅ ተቀጣ ብለን ለሁልጊዜው እንዋሽ? ያኔ ቢናገርም ባይናገርም የሚሠሩለት ነገር አልነበረም። ዛሬ አለ። በአንድ ቃል ምክንያት ሊያልፈን ነው።»

«ቃል ቃል ነው» አሉ።

ከዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ነገሩን የለወጠው የእኔ አንደበት አልነበረም። ልጄ በርጩማዋ ላይ እንደተቀመጠች፣ ክር በጣቷ እየጠቀለለች፣ «አባባ» አለች፤ «ክፍል ውስጥ ስቆጥር መምህሯ የምትለው አይሰማኝም።»

«ምን ማለት ነው?»

«ከሰሌዳው እስከ ወንበሬ ስንት እንደሆነ እይዛለሁ። ከዚያ ልጆቹ ቦርሳ መንገድ ላይ ካስቀመጡ እንደገና እይዛለሁ። ሳቅ ሲሉ ለምን እንደሳቁ አላውቅም። እየቆጠርኩ ነበራ። አንተስ ስትቆጥር ሰው ሲያወራህ ትሰማለህ?»

የባለቤቴ አባት የስፌት መኪናውን ሸፈኑ። «ሂዱ፣ ሊመሽ ነው» አሉ።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ። ልጄን ለመንኳት። ተቆጣሁ። ለምን ብዬ አለቀስኩ። «ቃል ገብቻለሁ እማ» ከማለት አልወጣችም። የሚገርመው ጽናቷ አኮራኝ። ትክክለኛ ነገር ላይ ቢሆን ምን ዓይነት ልጅ ነበረች አልኩ።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ስንደርስ የባለቤቴ አባት የምርመራው ክፍል በር ላይ ቆመዋል። ጥቅል አልያዙም። ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። መርማሪዋን ሴት «ሳጥኖቹን እንደፈለግሽ አስቀምጪ፣ መብራቱንም ቀንሺ፤ መጀመሪያ እኔ ነኝ» ሲሏት ሰማሁ። ሴትዮዋ ወደ ሐኪሟ ተመለከተች። ሐኪሟ የልጄን ፊት አይታ ነው መሰለኝ ፈቀደች።

እኔና ልጄ ከደብዛዛው ክፍል ውጭ፣ ለምርመራ በሚያዩበት ስክሪን ፊት ቆምን። ካሜራው በጨለማ ያያል፤ ስክሪኑም ብሩህ ስለሆነ ልጄ ሁሉን ታያለች። እሳቸው እጆቻቸውን ከኋላቸው አጣመሩ። የጫማቸውን ጫፍ አላስቀደሙም። ምላሳቸውም ዝም አለ። እንደማንኛውም ሰው ሙሉ እርምጃ ተራመዱ።

የመጀመሪያው ሳጥን ቅልጥማቸውን መታቸው። ሁለተኛውን በጉልበታቸው ገፉት። ልጄ ወደ በሩ ሄዳ «አባባ፣ ቁጠር እንጂ» አለች።

«አልቆጥርም።»

«በምላስህ አድርግ።»

«አላደርግም።»

ገመዱ ጣላቸው። መዳፋቸው ወለሉን ሲመታ ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ወጣ። ሊያነሡዋቸው የሮጡትን በእጃቸው ከለከሉ። ራሳቸው ተነሥተው ኮታቸውን አራገፉ፤ ወደ ልጅቷም ሳይሆን ልጅቷ ያለች ወደመሰላቸው አቅጣጫ ተናገሩ።

«አያትሽ ይህ ነው ሚጡ። ሌላው እርምጃ መቁጠር ነበር። ያስገባሁሽን ቃል መልሼልሻለሁ፤ ያወቀ ይወቅ። ሂጂ፣ ሳትቆጥሪ ሂጂ።»

የሳጥኖቹ ቦታ ተለወጠ፤ ልጄ ገባች። አንዱን ሳጥን መታች፤ ቀጥሎ ሌላውን። ግድግዳው ላይ ደርሳ ቆመችና ወዴት እንደሆነ እንደማታውቅ ተናገረች። በእያንዳንዱ ግጭት የተጎዳው የእኔ ጉልበት ነበር፤ ሆኖም እንደዚያ ቀን ልጄ ስትወድቅ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መርማሪዋ ጻፈች። ሐኪሟ «አሁን ተገናኘን» አለቻት።

የባለቤቴ አባት ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ አንድ በሽተኛ ከንፈሩን ሲመጥ ሰምተው፣ «ጌታዬ፣ ከንፈርዎን ያሳርፉት፤ ቅልጥሜ እንጂ ሌላ ነገሬ አልተጎዳም» አሉት። ሐኪሟ የእሳቸውንም ዓይን አየችላቸው። ሕዋሳቱ አልቀዋል፤ ዘግይቷል አለቻቸው። «እኔ ለራሴ አልመጣሁም» ብለው ኮፍያቸውን አደረጉ።

ከፈራኋቸው ነገሮች አንዱ ደረሰ። ተራው የልጄ ሆኖ የመጀመሪያው ዓይን ከተሠራ በኋላ የዓይኗ ግፊት ጨመረ፤ ለቀናት ጠብታ እየተደረገላት አልጋው አጠገብ ወንበር ላይ ደርቄ ቀረሁ። ወረደ። ሁለተኛው ዓይን ተሠራ። ከወር በኋላ ያንኑ ክፍል በያኔው ብርሃን፣ እጇን በኪሷ አድርጋ፣ እያወራች ወጣች። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ አሁንም ትቸገራለች፤ የጎን እይታዋ ሙሉ አይደለም። ይህን የምጽፈው ሰው ተአምር ጠብቆ እንዳያዝን ነው።

ነገር ግን ያገኘነውን ልናገር። ልጄ መምህሯን ትሰማለች፤ ቀልዱ ላይ ከሌሎቹ ጋር ትስቃለች። አያቷ ለደንበኛ ሁሉ «አላይም፣ ልክህን በእጄ ነው የማውቀው» ብለው ይናገራሉ፤ የጠፋ ደንበኛ የለም፤ እንዲያውም ልብሱን ለመለካት የሚመጣው በዛ። የባለቤቴ እህት ታናሽ ልጇን ይዛ ሄደች፤ የእሷ ልጅ ነፃ ሆኖ ተገኘ፤ ሳታውቅ በፍርሃት ከመኖር አወቀችና ተኛች። ከሠፈራችንም አንዲት እናት ልጇ ሲመሽ በር እንደሚስት በጆሮዬ ሹክ አለችኝ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ተናገሪ፣ ቶሎም ሂጂ አልኳት። የእሱ በሽታ ሕክምና ያለው ይሁን የሌለው ገና አልታወቀም። ተደብቆ ግን ማንም አያውቀውም።

ባለፈው ሳምንት እኔና ልጄ ከአውቶቡስ ወርደን በምሽቱ ደብዛዛ ብርሃን ወደ ቤት ስንሄድ ቀና ብላ አየችኝ።

«እማ፣ ሲመሽ ፊትሽ እንዲህ ነው?»

«እንዴት?»

«ገና ምንም ሳይሆን ክፉ ነገር የሆነ ይመስላል።»

«ሁልጊዜም እንደዚያ ነው» አልኳት። «አልለውጠውም። ወረቀቱን የፈረምኩት በዚሁ ፊት ነው።»